ቢጫ እርሳስ

ሳሪሾል ሜዳ ላይ፣ በካዛኽ ሰማይ ሥር፣
ላባ ሳሩ ሲያፏጭ፣ ደረቴን የሚውጥ ጉድጓድ ስቆፍር፣
ቶክታርባይ ከች አለ ከነፈረሱ ጥላ።
ሃያ ሁለት ዓመቴ፤ የሰፋኝ ቦት ጫማ፣ ሜትርና ቢላ፣
የአሲድ ጠርሙስ፣ ካርታ፣ ሁለት እርሳሶች፤
አረንጓዴው “ይታረስ”፣ ቢጫው “ይቆይ ለበጎች”።

“ምን ጠፍቶብሽ ነው?” አለ፤ ወርዶ አፋፉ ላይ ተቀመጠ፤
ከግድግዳው ቆንጥሮ፣ አፉ አድርጎ አላመጠ።
“ጨው” ብሎ እንትፍ አለ።
እኔም አሲዴን ጠብ፤ ነጩ አፈር ጮኸ፣ አረፋ አበቀለ።
እሱ ጨው፣ እኔ ኖራ፤
በሁለት ምላስ ነበር መሬቱ የሚያወራ።

ከላይ አንድ ስንዝር ነው፤ ቡናማ፣ ሥር ያሰረው፤
ከዚያ እንደ ጡብ የቆመ፣ ቢላ የማይደፍረው፤
ከሥር ነጭ፣ ዝናብ ደርሶ ያላጠበው።
“ይህቺ ስንዝር ቆዳ ናት፤ ከሥሯ ሥጋ የለም፤
የገፈፉት በግ፣ ልጄ፣ ተመልሶ አይወልድም።”

ቀኑን ሙሉ ዞርን።
አፈር በምራቁ ለውሶ፣ መዳፉ ላይ እንደ ክር አሾረ፤
ክሩ ብጥስ ሲል፣ “አሸዋ” አለኝ፤ አላቆመም፣ ቆጠረ፦
“ቶሎ ይሞቃል፤ የፀደይ ሳር ቀድሞ እሱ ላይ ያቆጠቁጣል፤
ግን አሥር ቀን ብቻ፤ በአሥራ አንደኛው ሰኮና ይቆርጠዋል።
ይሄኛው፣ እንደ ቀለበት የሚጠቀለለው ጭቃ፣
ዝናብ ከጣለበት፣ መንጋ አይርገጠው፣ በቃ፤
ከረገጡት ድንጋይ ነው፣ ውሃ አይጠጣም ከርሞ።
ጭቁኝ የበቀለበት፣ ያ ጨዋማው ደግሞ፣
ለመኸር ነው፤ ውርጭ ሲመታው ምሬቱ ይለቀዋል፣
ያኔ በግ ይወደዋል።
ማረስ ካማራችሁ፣ ያውላችሁ ጥቁሩ፣
ክንድ የሚውጠው፣ ከወንዙ ዳር፣ ከሥሩ።
እኔም ሐብሐብ ዘርቼበት አላሳፈረኝም።”
ይህን ሁሉ ጻፍኩት። አንድ ቃል አልጣልኩም።
ማታ፣ በፋኖስ ብርሃን፣ ሳሪሾልን ሙሉ ቢጫ ቀባሁ፤
እርሳሱ ሁለቴ ተሰበረ፤ ሁለቴ ቀረጽኩ፣ ተኛሁ።

ዛሃርቹክ ካርታውን አየ። አልተቆጣም። ሻይ ቀዳልኝ።
“ትራክተሮቹ ባቡር ላይ ናቸው” አለኝ።
“አርባ ትራክተር መጥቶ፣ መሬቱ የበግ ነው ልበል?”
አረንጓዴውን እርሳስ ገፋ አረገልኝ፣ ስኳር እንደሚያቀብል።
አረንጓዴ በቢጫ ላይ እንዴት ደስ ብሎት ይተኛል!
እጁ የማን ነበር? የእኔ ነው። ዛሬም ሲበርደው ያመኛል።

የመጀመሪያው ዓመት፣ ስንዴው እስከ ወገብ።
ሁለተኛው፣ እስከ ጉልበት።
ሦስተኛውን አልጻፍኩም።
በአራተኛው ሚያዝያ፣ በእኩለ ቀን፣ ዶሮዎች ቆጥ ላይ ወጡ፤
ሴቶች ፋኖስ ለኮሱ፤ ከብቶች ግድግዳ ታክከው አማጡ።
ያቺ ስንዝር ተነሥታ፣ ፀሐይን ጋርዳ ትሄዳለች፤
ዳቦ ውስጥ ገብታለች፣ የሕፃን ሽፋሽፍት ላይ አርፋለች።
ሲጠራ፣ ሜዳው ላይ ያ ጡብ ብቻ፣ ያ ነጭ፣
እንደ ራሰ በራ አናት የሚያብለጨልጭ።

ቶክታርባይ ያን አላየም፤ ማሳው መሀል ነው መቃብሩ፤
ነጂዎቹ አፍረው ነው መሰል፣ በሰፊ ክብ ዞሩ።
ባለፈው መስከረም ሄድኩ፤ የልጅ ልጁ ኤርኪን አደረሰኝ በሞተሩ።
ላባ ሳር የቀረው እዚያች ክብ ውስጥ ብቻ ነው።
ተንበርክኬ ሜትሬን ሰደድኩ፤ አንድ ስንዝር። ያው ነው።

ለሞተ ሰው “አፈሩን ያቅልልለት” ይባላል።
እኔ ግን ቀላል አፈር አይቻለሁ፤ ይበርራል።
ስለዚህ፣ ሽማግሌው፣ እንዲህ ነው የምልህ፦
አፈሩ ይክበድህ፤
ሥር ጠፍሮ ይያዝህ።

ከዚያ ቢጫውን እርሳስ ከኪሴ አውጥቼ ለኤርኪን ሰጠሁት።
ጫፉን ዳሰሰና፣ “አይጽፍም እኮ” አለኝ። ቢላዬን አቀበልኩት።