ጨው ነው ያለ

ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ፣ ጥላ እንደ እህል ሲወደድ፣
አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ ካሮጌው ለገሀር ሐዲድ፣
ሊን መጣ፤ የአዲሱ መስመር ልጅ፣ ቻይናዊው መሐንዲስ፣
አማርኛውን ከቀፊራ የለቀመ፣ ላቡን በቆቡ የሚያብስ።
በብሎን መፍቻው ጫፍ አሸዋ ላይ እንስሳ ሣለልኝ፣
ቀንዱን እንደ ቅርንጫፍ አስረዝሞ፣ «ይሄ ምንድነው?» አለኝ።
«አጋዘን።»
«በቃ፣ ሞትክ» አለኝ።

ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት፣ ንጉሡ ለጋ ልጅ ሳለ፣
ማኅተሙን በብብቱ የሚያሞቅ አንድ ሹም ነበር አለ።
አጋዘን በልጓም ስቦ ከዙፋኑ ፊት አቆመና፣
«ፈረስ አመጣሁ፣ ጃንሆይ» አለ፣ እጅ ነሥቶ በትሕትና።
«ቀንድ አለው እኮ!» ሣቀ ልጁ። «መኳንንቱ ይጠየቁ!»
ገሚሱ «ፈረስ ነው» አሉ፤ ገሚሱ ምንጣፉን እያዩ ተሳቀቁ።
ሦስት አራቱ «አጋዘን» ቢሉ ስማቸው ጓዳ ተጻፈ፤
ሳይነጋ በየደጃቸው የፈረስ ኮቴ አለፈ።
ንጉሡም ጠንቋይ አስጠራ፤
«ዓይኔን አሞኛል» አለ።

ሊን ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም።
ምላሴ ሥር የቆየ ነገር መሟሟት ጀመረ።

እኛም ጋ ነበረ እኮ። በምድር ባቡሩ ዘመን፣
የግምጃ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፣ ጣቴን ሲያጠቁረኝ ካርቦን፣
ምክትሉ ሙሴ ጌራወርቅ፣ በዚያ ሐሩር ክራባቱን የማይፈታ፣
ሲቆጣ ድምፁን የሚቀንስ፣ ሊጎዳህ ሲል የሚያበዛ ሰላምታ።
አዲሱ አለቃ ከሸገር መጥቶ ወሩ ገና አልሞላም፤
ሙቀቱ አዙሮት ከማራገቢያው ሥር ንቅንቅ አይልም።
ወረቀቱ «ስኳር» ይላል፤ ከፉርጎው የወረደው ጨው፤
ስኳሩ በየት እንደነጎደ ደቻቱን በሌሊት ጠይቀው።

አንድ ጠዋት ነጭ ክምር በሰሐን ይዞ ገባና፣
«ቅመሱት» አለን ለስለስ ብሎ፣ «ሐሜቱ በዝቷልና።»
እንደ ቁርባን ተሰለፍን።
ገንዘብ ያዡ «ማር ነው» አለ። ጣቢያ ሹሙ ጣቱን ላሰ፤
የኔ ተራ ሳላስበው፣ ድዴን እያቃጠለ ደረሰ።
እኔ «ይጣፍጣል» አልኩ።
ብልሃቴን ተመልከቱ፦ ወጥም ጨው ሲገባው ይጣፍጣል።
እግዜር ቢጠይቀኝ እንኳ ቃሉ ሁለት በር አለው፤ ያስወጣኛል።

ሮብሌ፣ የሚዛን ሠራተኛው፣ ከሁላችን ኋላ ነበር የቆመው።
ቀመሰ። እጁን በሱሪው ጠረገ።
«ጨው ነው» አለ። «ሌላ ምንድነው?»
አለቃው አንድ በአንድ አየን፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣
«ጉንፋን ይዞኛል መሰለኝ» ብሎ መዝገቡን ፈርሞ ሸሸገ።

በሳምንቱ ሮብሌን አይሻ ሰደዱት፣
ውኃ በፉርጎ ከሚጠበቅበት፣ ነፋስ ብቻ ከሚውልበት።
ከዚያ በየዓመቱ ለዒድ ሰሞን፣ በሎካሉ ባቡር፣
አንድ ኪስ ጨው ይመጣል በስሜ፤ ደብዳቤ የለው፣ አድራሻ ቁጥር።
ስጦታ ይሁን ስድብ አላወቅሁም።
ሚስቴ ወጥ ሠራችበት፤
ልጆቼ አደጉበት።
በስምንተኛው ዓመት ባቡሩ ባዶውን ገባ።

«ሹማችሁስ?» አልኩት ሊንን።
«ተገደለ።»
የእኛው በጡረታ ሞተ። ለአበባ ጉንጉኑ አዋጥቻለሁ።
«አጋዘን ነው ያሉትስ?»
«ሞቱ አልኩህ።»
«ፈረስ ነው ያሉትስ?»
መፍቻውን መዳፉ ላይ አገላበጠ፤ ቆየ።
«መጽሐፉ አይልም» አለ።
ባጃጅ አለፈ፤ አሸዋው ላይ ግማሽ ቀንድ ቀረ።

አሁን ሐኪሙ ጨው ከልክሎኛል፤ ደም ግፊት ነው አለ።
ማታ ሚስቴ ሰሐኑን ታስጠጋና ፊቴን ታያለች፤
«እንዴት ነው?» ትላለች።
ሣር ሣር ይላል።
«ይጣፍጣል» እላለሁ።