ገብስማዋ ወደ ቆጧ

ሸለምጥማጥ ነው ያሉት፣ በአጥሩ የገባው፤
ካምስቱ ዶሮዎች ገብስማዋን ያነቃው።
መብራት ጠፍቶ ነበር። በስልኬ ባትሪ
አየኋት፣ ጭቃው ላይ ክንፏ ተዘርግቶ፣
እንደተቀደደ ትራስ፣ ከጭኗ ስር
ላባዋ ተበትኖ ሥጋዋ ወጥቶ።

ሙሔ ቢላ አንስቶ «ሳትሞትብን ልባርካት» ሲል፣
«ቆይ» አልኩት።

ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤
ግን የተተረተረ አይቼ አልተውም።
ክሩን በፈላ ውኃ፣ መርፌዬን በእሳት፣
ቶይባ ክንፎቿን በሻሽ ጠቅልላላት፣
አምስት ስፌት ጣልኩባት።
«እማ፣ አመማት?»
«እንጃ።»
እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞኝም አያውቅ፤
በአንድ ዓይኗ እያየች፣ እስክጨርስ ስትጠብቅ።

ሃያ ሁለት ቀን በዘይት ካርቶን ውስጥ
ከሲንጀሬ ስር ነበር ማደሪያዋ።
ፔዳሉን ስረግጥ ትደነግጥ ነበር፤
ቀስ ማለት ለመድኩኝ፣ እግሬን አስተማርኩት።
የሚዜ ቀሚስ ሳይደርስ ቀረ፤
ሙሽራዋ መጥታ
«ለዶሮ ብለሽ ነው?» ብላ አኮረፈችኝ።
ልክ ናት።
ለዶሮ ብዬ ነው።

ቁስሉ ሲጠግግ፣ ላባ ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣
አንድ ጠዋት አቅፌ ወደ ጓሮ ወጣሁ።
«ይኸው ዘመዶችሽ» ብዬ ለቀቅኳት።
አራቱ አንገታቸውን አስግገው አዩዋት፤
አንዷም አላወቀቻት።
ቀይዋ ቀደመች። አንዴ ወጋች፣ ደገመች፤
ጠብታ ደም ብቅ አለ፤
ከዚያማ ሁሉም፣
አብራት የተፈለፈለችው ነጯም ሳትቀር።
በመጥረጊያ ገላገልኳቸው።
ካርቶኗ ውስጥ መልሼ ሳስተኛት
ያፈርኩት እኔ ነኝ፣
እንግዳ ጠርቶ እንዳሰደበ ሰው።

እማማ ጥሩሰው በአጥሩ ሽንቁር አይተው ኖሮ
«ቀን አይደለም፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።
«ቀን ዓይን አለ፤ ዓይን ካለ ፍርድ አለ።
መጀመሪያ ጂቪ ቀቢያት፣ ቀዩ እንዳይታይ።
ከዚያ ቅርጫት ድፊባትና መሀላቸው ትዋል፤
ይዩዋት፣ አይንኳት፣ ከጎኗ ይጫሩ።
ሲመሽ ግን፣ ሲመሽ፣ ድምፅ ሳታሰሚ
ቆጡ ላይ አስቀምጫት።
ሲነጋ ከጎኑ ያገኘውን ጎረቤት
'ከየት መጣህ' የሚል ማን ነው?»
ያውቃሉ።
ያን ዓመት ከነፍራሻቸው፣ በአይሱዙ ተጭነው፣
እዚህ ሰፈር የገቡት በሌሊት ነው።

አምስት ቀን በቅርጫት ዋለች፣ ወይን ጠጅ ሆና።
ነጯ አንዳንዴ መጥታ ቅርጫቱን ትነካለች፣
ትሄዳለች፤ ደግሞ ትመለሳለች።
በስድስተኛው ማታ
ጉም ከጦሳ ወርዶ ጓሮውን ሲሞላ፣
የራሴን እጅ እንኳ ማየት ሲያቅተኝ፣
በሁለት ትኩስ ጀርባ መካከል አስገባኋት።
አንዷ በእንቅልፍ ልቧ ክክ አለች።
ተጠጋጉላት።

እኔ አልተኛሁም። ጆሮዬ ጓሮ አደረ።
ሙሔ ያንኮራፋል፤ ቆርቆሮው ላይ
ጉሙ ጠብ ጠብ ይላል።
የሱብሒ አዛን ሲሰማ ነጠላ ጫማ ሳላደርግ ወጣሁ፤
ቆጠርኩ፣
አምስት።

ገብስ ስበትን ቀይዋ አንዴ ብቻ አናቷን ነካቻት፤
ገብስማዋ ዝቅ አለች፣ ወደ ኋላ አለች፣
የተረፈውን ለቀመች።
ድሮ ሁለተኛ ነበረች፤ አሁን አምስተኛ ናት።
ቦታዋ አልጠበቃትም፤ ሌላ ቦታ ሰጧት፣
ከበሩ አጠገብ፣ ነፋስ የሚገባበት።
ልገባ ፈለግኩ፣ ልሟገትላት።
መጥረጊያውን አንስቼ
መልሼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።

ቶይባ ካርቶኑን ለማገዶ ወሰደችው።
የሚዜው ቀሚስ ዛሬ አልቋል፣ ተተኩሷል።
እግሬ ግን አሁንም
ፔዳሉ ላይ ሲወርድ
ቀስ ይላል፣
ከስሩ የሆነ ነገር የተኛ ይመስል።