የሌሊት ልኬት

ቀን ቀን የቡሬ መብራት እንደ እንግዳ ነው፣ ይሄዳል፤
ሌሊት ግን፣ ሰው ሲተኛ፣ ተረጋግቶ ያድራል።
ለዚህ ነው እኔ ልየው፣ የመሬት ቢሮው ጠጋኝ፣
ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ በሩን ከውስጥ የዘጋሁኝ።

ከፊቴ ሁለት ኮምፒውተር። አንዱ ሽማግሌ፣ ጎኑ የተፈታ፣
ማራገቢያው እንደ አስም በሽተኛ የሚያንኮራፋ ማታ ማታ፤
አንዷ ከባህር ዳር የመጣች፣ ላስቲኩ ገና ያልለቀቃት፣
ኃላፊው "ሰጋር በቅሎ" ብሎ ስም ያወጣላት።
"የቱ ይሻላል? በወሬ ሳይሆን በቁጥር ንገረን" ብሎኛል።

አባቴ በማንኩሳ ገበያ እህል ሲሰፍር የኖረ ሰው፣
"ቁናውን አትነቅንቅ" ይል ነበር፣ "የተነቀነቀ ነው የሚዋሸው፤
ለሻጭ ሌላ፣ ለገዥ ሌላ ቁና ካነሳህ፣
የሚጎድለው ጤፉ አይደለም፤ አንተው ራስህ።"
እናም አንድ ዓይነት ሊኑክስ፣ አንድ ዓይነት ከርነል ጫንኩባቸው፤
ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዘጋሁ፤ አንድ ቁና ሰጠኋቸው።

ሲስቤንችን ጠርቼ "ብቸኛ ቁጥሮችን ፈልጉ" አልኳቸው፣
ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው።
(በዚያ ሌሊት እኔም ከነዚያ ቁጥሮች ወገን ነበርኩ።)
በቅሎዋ ሰገረች። ሽማግሌው ገና ጫማውን ሲያስር፣
እሷ ጨርሳ ቆማለች፤ ሦስት እጥፍ፣ ከዚያም በላይ ሲቆጠር።
አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ደገምኩ፤ ሠለስኩ፤
መካከለኛውን ያዝኩ።

ወደ ዲስክ ዞርኩ። ሽማግሌው ፋይሉን ሲያነብ አዘገመ፤
በሁለተኛው ዙር ግን፣ ጉድ በል! ሰከንድ ሳይሞላ ፈጸመ።
ልደሰት ስል ነቃሁበት፤ አላነበበም፣ ራም ውስጥ የቀረውን ደገመ፤
በቃሉ የያዘውን ዳዊት ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚወርድ ተማሪ።
ካሹን አጠብኩና "አሁን ከመጽሐፉ" አልኩት፣ "እንደ ጀማሪ።"

ሰባት ሰዓት ላይ ኮሮቹን ሁሉ በጭነት ወጠርኩ፤
አንድ ሰዓት ሙሉ ሙቀትና ፍጥነት መዘገብኩ።
በቅሎዋ ሩብ ሰዓት ገሰገሰች፤ ዘጠና አምስት ዲግሪ ደረሰች፤
እንዳትቃጠል ቀነሰች፣ ቀነሰች፣ ቀነሰች።
ሽማግሌው? ያው ነው። በሙሉ ሆዱ እያንኮራፋ፣
ሲጀምር አልበረረ፣ ሲጨርስ አልተንገዳገደ፣ አልተከፋ።
እውነቱን ለመናገር፣ ደክማም ቢሆን ትቀድመዋለች። ይህንንም ጻፍኩ።
ቁናውን አልነቀነቅኩም።

ነጋ። በሩን ስከፍት እማማ ፈንታነሽ ደጁ ላይ ተቀምጠዋል፣
ከቆላው ቀበሌ፣ በሌሊት ተነስተው።
የይዞታ ደብተር ፍለጋ፣ ለአራተኛ ጊዜ።
"የምትለካው አንተ ነህ አሉ፣ ልጄ" አሉኝ፤
"የኔስ ስንት ይፈጃል?"

ሽማግሌው ላይ ስማቸውን ከፈትኩ፤ አራት ሰከንድ ተኩል።
በቅሎዋ ላይ ከፈትኩ፤ ዓይን ሳይርገበገብ፣ ሽው።
ማተሚያው ሃምሳ ሰከንድ። ወረቀቱ ወጣ፣ ትኩስ።
ማህተሙ?
ማህተሙ ከኃላፊው መሳቢያ፣ ቁልፉ ከኃላፊው ኪስ፣
ኃላፊው ደምበጫ ለቅሶ ላይ፤
የሚመለሰው ማክሰኞ፣ ምናልባትም ሐሙስ።
ዛሬ ዓርብ ነው።

ደብተሬን አወጣሁ። ከፕሮሰሰር፣ ከራም፣ ከዲስክ፣ ከሙቀቱ በታች
አንድ መስመር ጨመርኩ፦
"ማህተም፤ ከአራት ቀን በላይ።
አንዴ ብቻ የተለካ። ይደገም።"

"ታዲያ የቱ ተሻለ?" አሉኝ እማማ ፈንታነሽ
ሁለቱንም ተራ በተራ እያዩ።
መልሱን አልነገርኳቸውም፤ ጧቱ ይቆረጥማል፣
ጣቶቻቸው ነጠላው ጫፍ ውስጥ ተሸጉጠዋል።
በቅሎዋን አጠፋኋት።
ሽማግሌውን ግን እንደበራ ተውኩት፣
ወንበራቸውን ወደ ጎኑ አስጠጋሁ፣
እጃቸውን ዘረጉ፣
ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረው ሙቀት
ገና ከውስጡ አልወጣም ነበር።