ቀጠሮ

ዶሴው ከሶፊያ መጣ፣ ሦስት ማኅተም አርፎበት፤
«አይናገርም፤ አይራመድም፤ ዕድገቱ ዘግይቷል» ተብሎበት።
ሶልቬይ በቦዶ ወደብ ዳር ቆማ አነበበችና፣
«ዘግይቷል?» አለች ለባሏ፣ «ማን ቀጥሮት ነበርና?»

ራዶስቲን አራት ዓመቱ ነው፤ እግሩ በዓመት ልጅ ጫማ ይገባል፤
ደረጃ ይፈራል፤ የድስት ክዳን እያሾረ ይውላል።
ሌሊት ግን ድምፅ የለውም።
ሃያ አልጋ በተደረደረበት አዳራሽ ለቅሶ ማንንም አያመጣም፤
ይህችን ትምህርት በጊዜ አውቋታል፤ በሷስ አልዘገየም።

ስምንት ወር እንዲህ። ትናንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
አለቀሰ፤
ጮኾ፣ በሩን እያየ፣ ሰው እንደቀጠረ ሰው።
ቶርስታይን በጨለማ ወንበር ገጨ።
ሶልቬይ ካልሲዋን ሳታጠልቅ፣ እየሳቀች ሮጠች፤
«መጣሁ» አለችው አቅፋው፣ «መጣሁ፤ ዘገየሁ አይደል?» አለች።