ደቂቃ በኪሎ

ከቡሽ ፋብሪካው ስወጣ፣ ትከሻዬ አቧራ ለብሶ፣
የመደብሩ ጋሪ ይቀበለኛል በአንድ እግሩ አነክሶ።
ሎሮዛ፣ ዓርብ ማታ፤ ፖርቹጋል ዝናብ ላይ ናት፤
እኔ ዙልሚራ ነኝ፤ የወር ደመወዜን ለሰዓት
አካፍዬ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ሰዓቱን መብላት።

ዩሮውን አላየውም፤ ዓይኔ ሌላ ቁጥር ለምዷል፤
በየዕቃው ግንባር ላይ የኔ ደቂቃ ተለጥፏል።

ወተት፣ ስምንት። ይሁን፤ ስምንት ደቂቃ አይከብድም፤
በዓይኔ ሥር ሁለት መቶ አርባ ቡሽ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም፤
የተሰነጠቀው በግራ፣ ጤነኛው በቀኝ ይሄዳል፤
አንገቴ ብቻ መሐል ላይ እንደ በር ማጠፊያ ይጮኻል።

ዳቦ፣ አሥራ ሁለት።
እንቁላል፣ አንዱ ደርዘን፣ ሃያ ስድስት።
(ዶሮዋን «ስንት ፈጀብሽ?» ብሎ የሚጠይቃት የለም፤
እሷም የፈረቃ ሠራተኛ ናት፤ ማኅበር ግን የላትም።)

ሩዝ፣ ሽንኩርትና ሳሙና በአንድ ላይ ተማክረው
የሻይ ዕረፍቴን በሉት፣ ፍርፋሪም ሳይተው።

የደረቀው ኮድ ዓሣ፣ ጨው የጠጣው፣ ሳንቃ የሚመስለው፣
ኪሎው ከማለዳው ደወል እስከ ረፋድ ነው።
በመዳፌ መታ አደረግኩት፣ እንደ ወዳጅ ጀርባ፤
«ለገና እንገናኝ» አልኩት፣ ሆዴ እየባባ።

ደብተር አለኝ፣ ባለ መስመር፣ ሽፋኑ ቅባት የጠጣ፤
ልጄ ኦዴቴ «የሰዓት ኮሮጆ» ትለዋለች ስትቆጣ።
«እማ፣ እርጎዬ ስንት ፈጀ?» ትላለች፣ ከንፈሯ ላይ የማንኪያ ጫፍ፤
አምስት ነው። አንዳንዴ ግን ሁለቱን ደብቄ ልጻፍ
እያልኩ፣ «ሦስት» እላታለሁ፣ እንድትጨርሰው በሙሉ አፍ።

ዘይቱ ዘንድ ስደርስ እግሬም ጋሪውም ቆመ።
የወይራ ዘይት፣ ሊትሩ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ።
አንገቱ ላይ የሌባ ማንቂያ አስረውለታል እንደ ሽቶ፤
ከአማቴ ጓሮ የለቀምነው፣ እዚህ ነገሠ ተቀብቶ!
አነሣሁ፤ መለስኩ፤ አነሣሁ። ጠርሙሷ እጄን አላበችው።
ዓምና ሃምሳ ደቂቃ ነበረች። እሷ ናት የረዘመችው፣
ወይስ ሰዓቴ ነው፣ ሲታጠብ እንደ ሹራብ ያጠረው?

ሒሳብ ተቀባዩ ኢሊዲዮ፣ ከንፈሬን አይቶ፣ «ምን አልሽ?» አለኝ።
«አንድ ሰዓት ከሃያ» አልኩት፣ የሆዴ ቁጥር አምልጦኝ።
ጠርሙሷን ወደ መብራቱ አነሣ፤ ደረቅ ሳቅ ሳቀባት፤
«በእኔ ደመወዝ» አለ፣ «ሁለት ሰዓት ልትሞላ አምስት ነው የቀራት።»
ከኋላዬ የጥርስ ሐኪሟ፣ ስልኳ ላይ ዓይኗን ጥላ፣
ሦስት ጠርሙስ ደርድራለች፣ አንዷንም ሳታሰላ፤
ሦስቱ ተደምረው በእሷ ቤት ግማሽ ጥርስ አይሞሉም።
ዋጋው አንድ ነው ይላሉ።
አንድ አይደለም።

«ደቂቃ» ብሎ የሰየመው ሰው ደቅቆ ያየ ነው መሰለኝ።

ዘይቷን መለስኳት። በምትኳ የሱፍ ዘይት፣ ሃያ አምስት።
በተረፈው (ይቅር በይኝ ኦዴቴ) አንድ ቀይ ወይን፣ አርባ ደቂቃ፣
ለአዴሪቶ ልደት።

ቤት ስንደርስ ባሌ ቡሹን ሳበው፤ ጧ አለ፤
ወደኔ ተንከባለለ።
ዛፉ ይህን ልብስ ለማብቀል ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶበታል፤
ማንም አልከፈለውም፤ ደብተር የለውም፤ ኮረብታው ላይ ቆሟል።
ከእኔም ሁለት ሰከንድ አለበት። ሁለት። በአርባ ደቂቃ መልሼ ገዛኋት።
አሸተትኩት። አዞርኩት መብራት ላይ፣ ፋብሪካ እንደለመድኩት፤
ከጎኑ አንዲት ስንጥቅ አለች፣ ከፀጉር የቀጠነች፤
አምልጣኛለች።
የእንቁላል ዋጋ በደቂቃ ሳሰላ ይሆናል፣ ያን ቀን።

አዴሪቶ ብርጭቆ ያቀርባል፤ ኦዴቴ የሆነ ነገር ያስቃታል፤
እጄ፣ ማንም ሳያዘው፣ ቡሹን አንሥቶ
ከሳህኔ በስተግራ አስቀመጠው።