የነርዱ መረብ

ማርሳሽሎክ ወደብ ላይ፣ ነርዱ ጀልባ አለው፣
ሁለት የቀለም ዓይን፣ ፊቱ ላይ የሳለው፤
አድማስ ያያል እንጂ፣ ሥሩን ማን አይቶለት።
የልጁ ልጅ ማርቴዝ፣ አንድ ዓሣ ሠራችለት፤
ቆዳው ከጎማ ነው፣ ልቡ ጥቁር ባትሪ፣
ዓይኑ ካሜራ ነው፣ ጭራው ደግሞ መሪ።
ሰርዲኖች ከበቡት፣ ዘመድ መሰላቸው፣
እየዋኘ ገባ፣ እስከ ውስጥ ጓዳቸው።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አልኩት፤ ሳቀ።
ምስሉ ሲበራ ሳቁን ዋጠ።
የዛሬ ሰባት ዓመት ማዕበል የነጠቀው መረብ
አለት ላይ ተንጠልጥሎ ዛሬም ያጠምዳል፣
ያለ ጌታ፣ ያለ ገበያ።
ቋጠሮው የራሱ ነው፤ የግራ እጁ ቋጠሮ።
አጥንቱን ቆጠረ፤ አሥራ አንድ ላይ ተወ።

ማታ የጀልባውን ዓይኖች እንደገና ሲቀባ
ብሌናቸውን ወደ ታች አዞረው።