መነሻ ዓመት

በወሩ ሁለተኛ ሐሙስ ወደ ሂርማታ ስወርድ፣
ቅጼን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ዝናብ ቀለሙን እንዳይወስድ፣
ባለ መደቦቹ ይጠቃቀሳሉ፣ "መጣች" ይላሉ "ጠያቂ፣
ዘንቢል የላት፣ ገንዘብ የላት፣ የማትገዛ ዋጋ አዋቂ።"

ዘይት፣ አንድ ሊትር። ምስር ክክ። ሳሙና፣ ሁለት መቶ ግራም።
የኩራዝ ክር፦ ከገበያው ከጠፋ ቆየ፣ ከቅጹ ግን አልወጣም።
አሥራ አንድ ዓመት ጠየቅሁ፣ አሥራ አንድ ዓመት ጻፍሁ፣
በመዝገብ ቀን አንዲት ፍሬ ሎሚ እንኳ አልገዛሁ።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አለቃዬ አቶ ደምሰው፣
ጠመኔ በነካው እጃቸው ግንባራቸውን ጠራርገው፣
"መነሻ ዓመት ማለት" አሉ፣ "ጨውም መቶ፣ ጤፍም መቶ፤
ከዚያ ወዲህ ሁሉም ይጻፋል፣ ከመቶ መራቁ ተሰልቶ።"

እኔም ያን ዓመት አሰብኩት። ጨው መቶ፣ ሳሙና መቶ፣
የእናቴ ጉልበት መቶ፣ አዌቱ በክረምት ሞልቶ፣
ወንድሜ ኻሊድ ከቤት ሳይወጣ፣ ሳቁ ግድግዳ አልፎ ተሰምቶ፣
እሱም መቶ።

ፈረንጅ አራዳ ሥር ሰዓዳ ዳቦ ትሸጣለች፤
"ዋጋው ያው ነው" ትለኛለች፣ ሳልጠይቃት ትቀድማለች።
ዋጋውስ ያው ነው። ሚዛኔን ግን ከቦርሳዬ ሳወጣት፣
ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች፣ የሆነ ሰው እንደጠራት።
አምና ግንቦት መቶ ግራም፤ ጥር ላይ ዘጠና ሁለት፤
ዛሬ ሰማንያ አንድ። መርፌው እስኪረጋ ዝም አልን፣ ሁለት ሴት።
"ዋጋ ስጨምር ይጮሃሉ፤ ሊጥ ስቀንስ ማን ያያል?
አንቺና ይህ ሚዛንሽ ብቻ። እሱስ ለማን ያወራል?"
ለማን እንደሚያወራማ አውቃለሁ።
ያልጨመረችውን ጭማሪ፣ በመቶ ሃያ ሦስት፣ ጻፍሁ።

ደግሞ በርጩማ፣ የዋንዛ፣ ባለ ሦስት እግር፣
ከአንድ ግንድ የወጣ፣ ያለ ሚስማር፣ ያለ ማገር።
አባ ኦሊን ስጠይቃቸው መልሰው ይጠይቁኛል፦
"ለመዝገብ ነው ወይስ ለመቀመጥ? ዋጋው ይለያያል።"
"ለመዝገብ።" ይስቃሉ። "እንግዲያው ሦስት መቶ ብለሽ ጻፊ፤
ለመቀመጥ ከሆነ ግን፣ ቁጭ በይና ጭቃሽን አራግፊ።"
ተቀምጬ አላውቅም። ሁልጊዜ ሃያ ስድስት ዕቃ ይቀረኝ ነበር።

በኅዳር ቦታቸው ባዶ። "የለም" የሚለውን ኮድ ሞላሁ።
በታኅሣሥ ባዶ። ጎረቤታቸው፣ ባለ ገመዱ፣ ነገረኝ፤
ሰማሁ፣ ያንኑ ኮድ ሞላሁ።
በጥር ደንቡን ገለጥኩ፦ "ሦስት ወር የጠፋ ዕቃ በሚቀርበው ይተካል፤
በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ግን እንደ ለውጥ አይቆጠርም፣ ይታጠፋል።"
ተተኪው የፕላስቲክ ወንበር ሆነ። ቀይ። ነፋስ የሚያነሳው።
ከዋንዛ ወደ ፕላስቲክ፣ "ለውጥ፦ ዜሮ"፣ ይህ ነው የተጻፈው።
ከአዲስ አበባ ግራፉ ሲመለስ አየሁት፤ መስመሩ አልተሰበረም።
እዚያ ላይ ማንም አልሞተም።

በወሩ መጨረሻ ሬዲዮ ቁጥሩን አነበበ፣ አንድ ነጥብ ሁለት።
ሰዓዳ ከነጥቡ ወዲያ፣ ሲጠጋጋ ከሚረግፈው ውስጥ ናት፣
እሷም፣ አሥራ ዘጠኙ ግራምም።
ቁጥሩ ስህተት የለበትም። እኔው ነኝ የለቀምኩት፤
ደግሜ ደጋግሜ ደመርኩት።

ባለፈው ሐሙስ ሥራ አልነበረኝም። ዘንቢል ይዤ ወረድኩ።
የአባ ኦሊ ልጅ ሙክታር የአባቱን መደብ እየጠረገ አገኘሁ።
ጥግ ላይ አንድ ጉማጅ ዋንዛ፣ ሁለት እግሩ የወጣ፣
ሦስተኛው ገና ከግንዱ ውስጥ ያልመጣ።
"ስንት ነው?" አልኩት።
"ያላለቀ ነገር ምን ዋጋ አለው" አለ፣ መጥረጊያውን ሳያስቀምጥ።
የአባቱን ጥያቄ ጠበቅሁ። አልጠየቀኝም።
ቁጭ አልኩበት።
ጭቃዬን አራገፍኩ።